ቬንገርን ለሁለት መክፈል

አራት ኪሎ፣ ከሥራ መልስ ማኪያቶ የምንጠጣበት ቤት፣ የእንግሊዙ ክለብ የአርሰናል ወሬ ከተነሳ የቀድሞ አሰልጣኙ የአርሴን ቬንገር ስም ሳይነሳ አይቀርም። ሰውየው ከሄደ ስንት ጊዜው። ከእሱ በኋላ ኡናይ ኤመሪ መጣ፣ ሄደ። ሚኬል አርቴታ መጣ፣ ኤፍኤ ካፕ (የእንግሊዝን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ) በላ፣ ቡድኑን ከመሠረቱ ሠራው። ክርክሩ ግን እዚያው ነው። አንዱ "እሱ ባይኖር ዛሬ እንዲህ የምናወራለት ክለብ አይኖርም" ይላል። ሌላው "በጊዜው ቢሄድልን ኖሮ ያን ሁሉ ዓመት አንቃጠልም ነበር" ይላል። ድምፅ ከፍ ይላል። አጠገባችን ያሉት የማንቼ (ማንቸስተር ዩናይትድ) ደጋፊዎች ሙድ ይይዙብናል።

ከዚያ አስታራቂ ይነሳል። ፍርዱ ሁልጊዜ አንድ ነው። "የመጀመሪያው አሥር ዓመት ሊቅ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ ግትር ሆነ።" ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። ሂሳብ ይከፈላል፣ ሁሉም ወደየታክሲው።

ይህ ዕርቅ ለእኔ አይዋጥልኝም። ቬንገርን 2006 ላይ ቆርጠው ለሁለት የሚከፍሉት ሰዎች ቢላዋውን ያሳረፉት ያለቦታው ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሰውየው ከባዱን ሥራ የሠራው ሁሉም "ወረደ" በሚልበት ጊዜ ነው። ጥፋቱ ደግሞ ሰዎች ከሚሉት በጣም ዘግይቶ ነው የመጣው። ይህን በአንድ ማኪያቶ ተናግሬ አልጨርሰውም፤ ስለዚህ ልጻፈው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፣ በኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ቬንገር ሥራ የጀመረበትን ቀን በቃላቸው ያውቁታል፤ ኦክቶበር 1 ቀን 1996። ወደኛ ሲመለስ መስከረም 21 ቀን 1989 ዓ.ም. ነው። "ግሸን ማርያም ዕለት ነው የገባው" ይላሉ፣ ከልባቸው ነው የሚሉት። ከጃፓን ነው የመጣው፣ ናጎያ ግራምፐስ ኤይት ከሚባል ክለብ። ከዚያ በፊት ሞናኮን የፈረንሳይ ሻምፒዮን አድርጎ ነበር፤ ጆርጅ ዊሃን ወደ አውሮፓ ያመጣውም እሱ ነው። እንግሊዞቹ ግን ከነጭራሹ አያውቁትም ነበር።

ከዚያ የሆነውን አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። የተጫዋቾቹን ምግብ ቀየረ። አትክልትና የተቀቀለ ዓሣ አመጣ፣ ቸኮላት ከለከለ። አውቶቡስ ውስጥ "ማርሳችን ይመለስልን" እያሉ እንደዘፈኑበት እሱ ራሱ ደጋግሞ አውርቶታል። በ1998 ሊጉንና ኤፍኤ ካፑን አንድ ላይ በላ። በ2002 ደገመው፤ ያውም ሊጉን ያረጋገጠው የማንቼ ሜዳ ኦልድ ትራፎርድ ላይ በዊልቶርድ ጎል ነው። ኒኮላ አኔልካን በ5 መቶ ሺህ ፓውንድ ገዝቶ ወደ 23 ሚሊዮን በሚጠጋ ዋጋ ለሪያል ማድሪድ ሸጠ። በዚያ ብር የልምምድ ሜዳ ተሠራ፣ ቲዬሪ ሄንሪም መጣ። በ2003/04 ደግሞ 26 አሸንፎ፣ 12 አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ ሊጉን ጨረሰ። ያለሽንፈት የተጓዘው እስከ 49 ጨዋታ ነው፤ ሃምሳኛው ላይ ኦልድ ትራፎርድ ቆመ። የዚያን ቀኑን ሪጎሬ ጋሼ እስካሁን አልተቀበሉትም።

በዚህ ዘመን ላይ ማንም አይከራከርም፣ ስለዚህ ልለፈው። አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም፤ ናይጄሪያዊውን አጥቂ ካኑን።

እኔ አርሰናልን ያገኘሁት ከታላቅ ወንድሜ ነው። ፒያሳ ነው ያደግነው። ወንድሜ አርሰናልን የያዘው በካኑ ምክንያት ነው፤ በሰፈራችን ብዙዎቹም እንደዚያው። ኦክቶበር 1999 ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ቼልሲ 2 ለ 0 እየመራ፣ ሜዳው በዝናብ በስብሶ፣ ካኑ በመጨረሻዎቹ አሥራ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ ሦስት አገባ። ሦስተኛዋን ወንድሜ ስንት ጊዜ በእጁ እያሳየ እንደተረከልኝ አላውቅም። ኳሷን በግራ በኩል የሜዳው ጥግ አጠገብ ያዛት። በረኛው ግቡን ትቶ ወጣበት። በቁመቱ ልክ የረዘመ እግሩን ዘረጋና አለፈው። ከመስመሩ ዳር፣ ማዕዘን በሌለበት፣ በተከላካዮቹ አናት ላይ አድርጎ ከተታት።

የልብ ቀዶ ሕክምና ያደረገን ልጅ፣ ሌሎች "አበቃለት" ያሉትን ልጅ፣ ቬንገር አመነበት። ሎረንን፣ ኮሎ ቱሬን አመጣ። አዴባዮርን፣ ኢቡዌን፣ ሶንግን አመጣ። ያለሽንፈት ሊጉን በበላው ቡድን ውስጥ ሦስት አፍሪካውያን ነበሩ፣ ያውም ለቁጥር ማሟያ አይደለም። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2005 ክሪስታል ፓላስን 5 ለ 1 ሲያሸንፍ በዝርዝሩ ላይ ከነበሩት 16 ተጫዋቾች አንድም እንግሊዛዊ አልነበረም። እዚያ አገር ጉድ ተባለ። እዚህ ፒያሳ ግን ሰዉ ያየው ሌላ ነገር ነው፤ ከየትም ና፣ ከቻልክ ትጫወታለህ። ዛሬ በአዲስ አበባ በየሚኒባሱና በየኢሱዙው መስታወት ላይ የተለጠፈው የአርሰናል የመድፍ አርማ ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ ይኸው ነው። ይህን ማንም ከሰውየው ሊነጥቀው አይችልም። "ቬንገር ውጣ" ሲል የኖረው ወጣት እንኳ እዚህ ላይ ዝም ይላል።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ።

አስታራቂዎቹ ቬንገርን የሚቆርጡት 2006 ላይ ነው። ምክንያታቸው ይገባኛል። ያ ዓመት ራሱ ቢላዋ ነበር። ሜይ 7 በድሮው ሜዳችን በሃይበሪ የመጨረሻው ጨዋታ ተደረገ፤ ዊጋንን 4 ለ 2፤ ሄንሪ ሦስት አግብቶ ሣሩን ተንበርክኮ ሳመ። ከአሥር ቀን በኋላ ፓሪስ ላይ ከባርሴሎና ጋር የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ።

ግንቦት 9 ቀን 1998 ዓ.ም.። ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ45። ያኔ ልጅ ነኝ፣ ወንድሜ እናታችንን ለምኖ ነው ይዞኝ የሄደው። ፒያሳ የነበረችው ዲኤስቲቪ ቤት ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው። አግዳሚው ሞልቶ ሰው የቢራ ሳጥን ገልብጦ ተቀምጧል። ሴት ብባል እኔና ሻይ የምታቀርበዋ ብቻ ነን። በ18ኛው ደቂቃ በረኛችን ሌማን ኤቶን ጣለው፣ ቀይ ካርድ። ቬንገር በረኛ ለማስገባት ሮበርት ፒሬስን አስወጣ። ያም ሆኖ ሶል ካምቤል በጭንቅላት አገባ። በአሥር ሰው እየመራን ነው። ቤቱ ተደበላለቀ። ከዚያ ላርሶን ተቀይሮ ገባና ሁለቱንም ጎል አመቻቸ፤ ኤቶ፣ ቤሌቲ። 2 ለ 1። ከዚያች ቤት ሰው ሲወጣ የሚያወራ አልነበረም። ወንድሜ እጄን ይዞ እስከ ቤት አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ከዚያ ምሽት በኋላ ሊጉን በቬንገር ዘመን አልበላነውም። ስለዚህ ሰው እዚህ ጋ ይቆርጣል። እኔ ደግሞ "ቆይ፣ ክለቡ ያኔ ምን ላይ ነበር?" እላለሁ።

ሃይበሪ ወደ 38 ሺህ ሰው ነው የሚይዘው። አዲሱ ሜዳ ኤምሬትስ 60 ሺህ። ወጪው 390 ሚሊዮን ፓውንድ፣ አብዛኛው ብድር። ባንኮቹ ብሩን ሲሰጡ ቬንገር ለአምስት ዓመት እንዲፈርም እንደጠየቁ እሱ ራሱ ተናግሯል። ክለቡ ዕዳውን ለመክፈል ከአምስት ዓመት ቢያንስ ሦስቱን ሻምፒዮንስ ሊግ መግባት፣ በየጨዋታው በአማካይ 54 ሺህ ሰው ማስገባት ነበረበት። ይህን ሁሉ እያወቀ ፈረመ። ሪያል ማድሪድ ሲጠይቀው እምቢ አለ። በዚያው ሰሞን ቼልሲን አብራሞቪች ገዝቶታል፣ በ2003። ማንቸስተር ሲቲን በ2008 አቡዳቢዎች ገዙት። ተጫዋች በመግዛት ቀኝ እጁ የነበረው ዴቪድ ዲን በ2007 ከክለቡ ወጣ። ሰውየው ብቻውን ቀረ።

የሸጣቸውን ቁጠሩ። ቪዬራ በ2005 ወደ ጁቬንቱስ። አሽሊ ኮል በ2006 ወደ ቼልሲ። ሄንሪ በ2007 ወደ ባርሴሎና። አዴባዮርና ቱሬ በ2009 ወደ ሲቲ። ፋብሪጋስና ናስሪ በ2011፣ በአንድ ክረምት። ቫን ፔርሲ በ2012፣ ያውም ወደ ማንቼ። በየዓመቱ ምርጡ ልጅ ይሄዳል። በምትኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ይገባል።

ጋሼ እንደ ሒሳብ መምህርነታቸው የእነዚያን ሰባት ዓመታት ደረጃ ይደረድሩታል፤ "አራተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ።" ከ2007 እስከ 2013። አንዴም ከአራት ውጭ አልወጣም። በ2009 የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። በ2008 እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ሊጉን ይመራ ነበር፤ በርሚንግሃም ላይ የኤድዋርዶ እግር እስኪሰበር። በመጨረሻ 83 ነጥብ ይዞ ከማንቼ በአራት ነጥብ ብቻ አነሰ። እስቲ ንገሩኝ፣ በዚያ ጊዜ በዚያ ብር ይህን ሌላ ማን ይሠራው ነበር?

ጋሼ አንድ ጊዜ ለልጁ እንዲህ አሉት። ልጁ ያልኩት በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ እዚያው አካባቢ ሞባይል የሚጠግን ወጣት ነው። "ስማኝ የኔ ልጅ፣ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው የባንኩን ዕዳ እስኪጨርስ ሥጋ ይቀንሳል፣ አዲስ ልብስ ይቀርበታል። ልጆቹን ግን ከትምህርት ቤት አያስቀርም። ቬንገር ያደረገው ይሄንን ነው።"

ልጁ ትንሽ አሰበና "ልክ ነዎት ጋሼ። ግን ቤቱ እኮ ተከፍሎ አለቀ። ከዚያ በኋላስ ሥጋ ለምን አልገዛም?" አላቸው።

ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚህች ጥያቄ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ጋሼ ስለ አንድ ዘመን ያወራሉ። ልጁ ስለ ሌላ ዘመን ያወራል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ግን ሁለቱንም ዘመን "ከ2006 በኋላ" ብለን በአንድ ከረጢት ስለከተትናቸው አይገናኙም።

የዕዳውን ዘመን ያልኖረበት ሰው ምን ያህል ከባድ እንደነበር አይገባውም። እኔ ኖሬበታለሁ። በ2011 የሊግ ካፑን ፍጻሜ በበርሚንግሃም ስንሸነፍ፣ በረኛውና ተከላካዩ ኳሷን እርስ በርስ ተዋውለው ለማርቲንስ ባዶ ግብ ሲሰጡት፣ አይቻለሁ። በዚያው ዓመት ኦገስት 28 ኦልድ ትራፎርድ ላይ ስምንት ስንጠጣ አይቻለሁ። 8 ለ 2። በማግስቱ ቢሮ መግባት ከበደኝ። የጥበቃ ሠራተኛው ጣቱን ቆጥሮ ነው በሩን የከፈተልኝ።

ግን ያን ሳምንት ልብ ብላችሁ እዩት። ቬንገር በሦስተኛው ቀን፣ የዝውውሩ መስኮት ሊዘጋ ሲል፣ ከገዛቸው መካከል ፔር ሜርተሳከርና ሚኬል አርቴታ ነበሩ። ሰዉ "የጭንቅ ግዢ" አለው። ሜርተሳከር በኋላ አምበል ሆነ፣ የክለቡን አካዳሚም መራ። አርቴታ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። የዛሬውን አርሰናል የሚወድ ሰው የዛሬው አርሰናል ፍሬ ከስምንቷ ጎል ሳምንት እንደተዘራ ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ሜይ 19 ቀን 2013ንም አልረሳም። ኒውካስል ላይ ኮሴልኒ አንዲት አገባ፣ 1 ለ 0፣ ቶተንሃምን በአንድ ነጥብ በልጠን አራተኛ ሆንን። ልጆቹ ሜዳው ላይ ዋንጫ እንደበላ ሰው ጨፈሩ። ቬንገር አራተኛ መውጣት ለእሱ እንደ ዋንጫ እንደሆነ ተናግሮ ስለነበር ሌሎቹ ደጋፊዎች "የአራተኝነት ዋንጫ" እያሉ ሲስቁብን ኖረዋል። ይሳቁ። ያ ነጥብ ለክለቡ ምን ያህል ብር ማለት እንደነበር፣ ለባንኩ ምን ማለት እንደነበር የሚያውቅ አይስቅም። እነዚያ ሰባት ዓመታት ያለሽንፈት ከተበላው ሊግ አይተናነሱም ብዬ እከራከራለሁ። እንዲያውም ይበልጣሉ። በሄንሪና በቤርካምፕ ማሸነፍ ትልቅ ነገር ነው። በየዓመቱ እየሸጡ አለመውደቅ ግን ሰው ሲሠራው ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

በዚያ ጊዜ ውስጥ ለኛ ለሐበሾች ልዩ የሆነች ነገርም ነበረች። ጌዲዮን ዘላለም። በርሊን የተወለደ፣ ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ልጅ። ቬንገር ገና በአሥራ ስድስት ዓመቱ ወደ ዋናው ቡድን ጉዞ ወሰደው፣ እይታውንም አደነቀለት። ጃንዋሪ 2014 በኤፍኤ ካፕ ኮቨንትሪ ላይ ተቀይሮ ሲገባ ካዛንቺስ አንድ ግሮሰሪ ውስጥ ነበርኩ። ቡድኑ አስቀድሞ እያሸነፈ ስለነበር ግማሹ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ያወራል። ቁጥሩ ሲነሳ ግን ሁሉም ዞረ። የማንቼ ደጋፊ ሳይቀር አጨበጨበ። አንድ እናት፣ የግሮሰሪው ባለቤት፣ "የማን ልጅ ነው?" ብለው ጠየቁ፤ እንደ ጎረቤት ልጅ። ለብሔራዊ ቡድናችን እንዲጫወት ስንጸልይ እሱ አሜሪካን መረጠ፤ በፕሪሚየር ሊጉም ለአርሰናል አንድ ጊዜ እንኳ አልተሰለፈም። ጉዳትም በዛበት። የዚያን ቀን ግን የእኛ ስም ያለው ልጅ በዚያ ማሊያ ሲገባ አየን። ያስገባው ቬንገር ነው።

በዚያው ዓመት ግንቦት 9 ቀን 2006 ዓ.ም. የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ሆነ። ልብ በሉ፣ በፓሪሱ ምሽት ልክ በስምንተኛ ዓመቱ፣ በዚያው ቀን። ኸል ሲቲ በስምንት ደቂቃ ውስጥ ሁለት አገባብን። ጊብስ ሦስተኛዋን ከመስመር ላይ በጭንቅላቱ አወጣት። ዘጠኝ ዓመት ዋንጫ ያላየ ደጋፊ ያን ጊዜ ምን እንደሚሰማው ልነግራችሁ አልችልም። ካዞርላ በቅጣት ምት አገባ። ኮሴልኒ አቻ አደረገ። በ109ኛው ደቂቃ ራምሴ። ወንድሜ ስልክ ደውሎ አለቀሰ። በስልክ ሲያለቅስ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እንግዲህ ቢላዋው ማረፍ ያለበት እዚህ ነው። 2014 ላይ።

ዕዳው ቀልሏል። በ2013 ኦዚል በ42.5 ሚሊዮን ፓውንድ መጥቷል። በ2014 አሌክሲስ ሳንቼዝ መጣ። ዋንጫ ተበልቷል፣ በ2015ም ተደገመ፤ አስቶን ቪላ 4 ለ 0። ሰውየው ሊጉን ለመብላት ሁሉ ነገር በእጁ ነበር። ልጁ የጠየቀው ጥያቄ ከዚህ ይጀምራል፤ መልሱም ቬንገርን አያድነውም።

በ2015 ክረምት የገዛው በረኛ ብቻ ነው፣ ፒተር ቼክን። ከበረኛ ውጭ ለዋናው ቡድን አንድም ተጫዋች አልጨመረም። ብር በባንክ ተቀምጧል። ያ ዓመት ደግሞ ሊጉ በሩን ወለል አድርጎ የከፈተበት ዓመት ነው። ቼልሲ ወደቀ። ሲቲና ማንቼ ተንገዳገዱ። ቀድሞ የሄደው ሌስተር ሲቲ ነው። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2016 ሌስተርን በተጨማሪው ሰዓት በዌልቤክ ጭንቅላት 2 ለ 1 አሸነፍነው፤ ልዩነቱ ሁለት ነጥብ ሆነ። የዚያን ምሽት ማንም ሰው ሊጉ የኛ አይደለም ብሎ ቢነግረኝ አላምነውም። ከዚያ በማንቼ 3 ለ 2 ተሸነፍን፤ ማርከስ ራሽፎርድ የሚባል የማናውቀው ልጅ ሁለት አገባ። በሜዳችን በስዋንሲ ተሸነፍን። ሌስተር 81 ነጥብ ይዞ ሻምፒዮን፣ እኛ 71 ይዘን ሁለተኛ።

ይህን አልምርለትም። ያለ ብር ተአምር የሠራ ሰው ብሩ ሲመጣ ቆጣቢነቱን መተው አቃተው። ልጆቹን አመናቸው፤ ማመኑ ካኑን ያመጣልን ያው ማመኑ ነው፣ ግን ያመናቸው ልጆች እነ ቪዬራ አልነበሩም። ጊልቤርቶ ከሄደ ጀምሮ ሰዉ ሁሉ "ተከላካይ አማካይ ግዛ" ሲለው ኖረ። ሌሎቹ አሰልጣኞች ተጋጣሚን ቀን ከሌት ያጠናሉ፣ እሱ ልጆቹ በራሳቸው መፍትሔ እንዲያገኙ ይተዋቸዋል። በ2004 ይህ ነጻነት ነበር። በ2014 ማርች ቼልሲ ላይ፣ በአንድ ሺኛው ጨዋታው 6 ለ 0 ሲሸነፍ፣ ዝግጅት ማጣት ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ዋንጫዎቹ እያሳሳቁ ወሰዱን። በ2017 ባየርን ሙኒክ እዚያም እዚህም 5 ለ 1፣ ድምር 10 ለ 2። የ"ቬንገር ውጣ" ወረቀት ለንደን አልበቃው ብሎ ኖቬምበር 2017 ሐራሬ በሙጋቤ ላይ በተደረገው ሰልፍ ውስጥ ሳይቀር ታየ።

እዚህ ላይ ጋሼና እኔ እንለያያለን። እሳቸው ደጋፊው ሰውየውን ማዋረዱ ያማቸዋል። "ቤት ሠርቶ ያስገባህን ሰው ከቤቱ ገፍተህ አታስወጣም" ይላሉ። እኔም ያመኛል። ኤምሬትስ በመጨረሻዎቹ ወራት ባዶ ወንበር ይታይበት ነበር፤ እሱ ያስገነባው ወንበር ነው። ግን አክብሮትና ቦታ መልቀቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፒያሳ ያደግንባት ዲኤስቲቪ ቤት በ2016 ዓ.ም. ከአካባቢው ጋር ፈርሳለች። የግሮሰሪዋ ካዛንቺስም ከዓመት በኋላ እንደዚያው። ያኔ አብረን የምናየው ሰው አንዱ ለሚ ኩራ፣ አንዱ አያት ሄዷል። ስለዚህ ሃይበሪን መልቀቅ ምን ማለት እንደነበር አሁን ይበልጥ ይገባኛል። ሃይበሪ ዛሬ መኖሪያ ቤት ሆኗል፤ የምሥራቁና የምዕራቡ ትሪቡኖች ፊት ለፊት ብቻ ቆሟል። ቬንገር የሚወደውን ሜዳ ለክለቡ ሲል ለቀቀ። የራሱን ወንበር ግን ለክለቡ ሲል መልቀቅ አልሆነለትም።

በመጨረሻ ሜይ 6 ቀን 2018 በርንሌይን 5 ለ 0 አሸንፈን ስንሸኘው፣ ክለቡ ያለሽንፈት የተበላውን የሊጉን ወርቃማ ዋንጫ ሰጠው። "ትናፍቁኛላችሁ" ብሎ ወረደ። ከ1,235 ጨዋታ ውስጥ ቀሪው ትንሽ ነበር። በ2023 ሐውልቱ ኤምሬትስ ፊት ለፊት ቆመ። ዋንጫውን ወደ ላይ አንስቶ። ይገባዋል። ሐውልቱ ላይ ማንም አይከራከርም፣ ልጁም ጭምር።

የምንከራከረው መቼ መሄድ ነበረበት በሚለው ነው። ልጁ 2014 ይላል፣ ራምሴ ያገባ ዕለት። ጋሼ በራሱ ጊዜ ይላሉ፣ ከዚያ ሌላ መልስ የላቸውም። እኔ ሜይ 27 ቀን 2017 እላለሁ። ያን ቀን ቼልሲን በኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ 2 ለ 1 አሸነፈ። ሜርተሳከር ዓመቱን ሙሉ አንድ ጨዋታ ሳይጀምር ኖሮ ገብቶ ዲዬጎ ኮስታን በአብዛኛው ሰዓት አስሮ ዋለ። ሰባተኛው ኤፍኤ ካፕ፣ ማንም አሰልጣኝ ያልደረሰበት። በሊጉ አምስተኛ ወጥቶ በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሻምፒዮንስ ሊግ ቀርቶ ነበር፤ ማለትም መንገዱ ማለቁን ሰንጠረዡ ነግሮታል፣ ዋንጫውም በእጁ አለ። ዌምብሌይ ላይ ማይክሮፎን ይዞ "በቃኝ" ቢል፣ "ውጣ" ይል የነበረው ሁሉ አልቅሶ ይሸኘው ነበር። ልጁም ያለቅስ ነበር፤ ጠይቄዋለሁ፣ አዎ ብሎኛል። በአራተኛው ቀን ለሁለት ዓመት ፈረመ። በቀጣዩ ዓመት 63 ነጥብ ይዘን ስድስተኛ ወጣን።